ከቅንጭቡ ጀርባ የሚቆሙት ሽማግሌ

ሰቆጣ ለብስክሌት የምትመች ከተማ አይደለችም። ሜዳ የሚባለው መሬቷ ጥቂት ነው፤ የቀረው ዳገትና ድንጋይ ነው። እኔ ግን ብስክሌት የገዛሁት እዚያ ነው፤ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ተዛውሮ ከሚሄድ አስተማሪ።

ምክንያቱ ጉልበቴ ነበር። ከአበርገሌ ስመለስ ከበቅሎ ወድቄ ቀኝ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ሥራዬ ዘጋቢነት ነው፤ አብዛኛውን ዜና የማገኘው ደሃና ወረዳ ውስጥ ተበታትነው ካሉት መንደሮች ሲሆን እዚያ የሚደረሰው በእግር ነው። አለቃዬ በስልክ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጡኝ፤ ያኔም መራመድ ካልቻልኩ ሌላ ሰው ተክተው እኔን ቢሮ ሊያስቀምጡኝ ነው። የጤና ባለሙያው በየጠዋቱ ሜዳ ላይ ቀስ እያልኩ ብስክሌት እንድነዳ አዘዘኝ።

"አታብዛው" አለኝ። "ብቻ አትቅር።"

ስለዚህ ነገሩን አላወሳሰብኩም። ከተከራየሁበት ቤት ከከተማው ዳር እስካለው የሾላ ዛፍ፣ ደርሶ መልስ። የሄድኩበትን ቀን በማስታወሻ ደብተሬ በጭረት እይዛለሁ። አንድ እሑድ ደስ ብሎኝ ከሾላው አልፌ ሄድኩ፤ ጉልበቴ አብጦ ሦስት ቀን ከቤት ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ሾላውን አላለፍኩም።

በመንገዱ አጋማሽ፣ ግቢያቸው በቅንጭብ የታጠረ አንድ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን እጄን አንስቼ እንደምን አደሩ እያልኩ አልፋቸው ነበር። ወሬው ቀድሞኝ አከራዬ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው አፋቸውን በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ የፈቱ፣ አማርኛውን ረጋ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው።

"ተቀምጠህ ሰላም ትላለህ አሉ።"

ብስክሌት እኮ ነው አልኳቸው።

"ታዲያ ተቀምጠህበት የለም? በቅሎ ላይ ብትሆን ትወርድ ነበር። ይሄማ እንዲያውም አይራገጥም።"

ከበቅሎ ወርዶ ሽማግሌ ሰላም ማለትን አውቃለሁ፤ ለብስክሌትም እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም። ከማግስቱ ጀምሮ መውረድ ጀመርኩ። ፔዳሉን ሙሉ ሳላዞር ግማሽ ግማሽ እየረገጥኩ ስለምሄድ መንዳቱ ብዙም አያመኝም፤ የሚያመኝ መውረዱና መውጣቱ ነበር። የማይታጠፈውን እግሬን በኮርቻው ላይ ሳሻግር ጥርሴን እነክሳለሁ። ሽማግሌው የእኔን ደህንነት፣ የአከራዬን፣ የሩቅ ዘመዶቼን ጭምር ጠይቀው ሲጨርሱ እንደገና እወጣለሁ። አንድ ቀን ስወጣ እግሬን ትክ ብለው አዩት።

በማግስቱ ድንጋዩ ባዶ ነበር። በተከታዩም ቀን እንዲሁ። ታመው ይሆን ብዬ አከራዬን ብጠይቅ ትናንት ገበያ አይቻቸዋለሁ አሉ። በሦስተኛው ቀን በቅንጭቡ መሃል የጋቢ ጫፍና የዱላ እጀታ አየሁ። ሽማግሌው እዚያ ቆመው እስካልፍ ይጠብቁ ነበር።

ሳላጣራ አልጽፍም፤ ይህንንም አጣራሁ። አከራዬ መጀመሪያ ነገሩን ሸሹት፣ በኋላ ግን ተናገሩ። "ያ ልጅ እግሩን ያመዋል፤ ካላየኝ አይወርድም" ብለዋቸው ኖሯል ሽማግሌው።

ያወቅኩ ሳልመስል ማለፌን ቀጠልኩ። አንድ ጠዋት ዘገባ ልጨርስ ብዬ ቀረሁ። አከራዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሽማግሌው ፀሐይ እስኪከርር ከቅንጭቡ ጀርባ እንደቆሙ መዋላቸውን ነገሩኝ። ካላለፍኩ ወደ ድንጋያቸው አይመለሱም። ከዚያች ቀን በኋላ በደብተሬ ላይ ጭረት የሌለው ቀን የለም።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት እግሬ ፔዳሉን ይዞ ሳይታወቀኝ ሙሉ ዞረ። ቅንጭቡ ጋ ስደርስ ወረድኩ። ጥርሴን አልነከስኩም።

"አባባ፣ ይውጡ። ወርጃለሁ።"

ሽማግሌው ዱላቸውን እያስቀደሙ ወጡና ፊቴን ሳይሆን ጉልበቴን አዩ።

"እስቲ እጠፈው።"

አጠፍኩት። ዘርጋው አሉኝ፤ ዘረጋሁት። አስደገሙኝ። ከዚያ ሄደው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ፣ የእኔንና የአከራዬን ደህንነትም እንደ ዱሮው ይጠይቁኝ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ደሃና ስነሳ በዚያው ደጃፍ በእግሬ አለፍኩ። ሽማግሌው ብስክሌቱ የት ሄደ አሉኝ። ቤት ነው አልኳቸው።

"ስትመለስ እንዳትተወው" አሉኝ። "እኔም ለምጄዋለሁ።"