ሰሐር ያልተረጎመችው ቃል

ረሺዳ የከሚሴ ልጅ ናት። አገሯ አስተማሪ ነበረች፤ ጅዳ ስትመጣ ግን እንደ ብዙዎቹ በሰው ቤት ሠራች። ከዓመታት በኋላ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አማርኛ እንድታስተምር ቀጠራት። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ የሚጣላ፣ ድንገት የሚያለቅስ ልጅ ስታይ ትምህርቱን አቁማ «ምን ሆንክ?» ማለት ልማዷ ነበር። ይህን ያየው ርዕሰ መምህር ሥልጠና እንድትወስድ አደረገና አሮጌ መጻሕፍት የሚከማቹበትን ጠባብ ክፍል አስጠርጎ «የምክር አገልግሎት» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈላት።

ችግር የሆነባት ያው «ምክር» የሚለው ቃል ነው። ወላጆች ልጃቸውን በክንዱ ጎትተው ያመጡና «እስቲ ምከሪልኝ፣ እኔን አልሰማ ብሏል» ይሏታል። ለእነሱ ምክር ማለት ተግሣጽ ነው። ረሺዳ ሥራዋ በአብዛኛው መስማት እንደሆነ፣ ልጁ ሳይፈራ የሚናገርበት አንድ ቦታ ማግኘት እንዳለበት፣ ከዚያም ቤተሰቡ እርስ በርሱ እንዲደማመጥ እንደምትፈልግ ታስረዳለች። ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሟታል፤ ሲወጡ ግን «ብቻ ጠንከር አድርገሽ ንገሪው» ብለው ይሄዳሉ።

አብዱልመጂድም የመጣው እንዲሁ ነው። ወደብ ላይ ዕቃ የሚያወርድ፣ ከነሥራ ልብሱ የገባ፣ ድካም የተጫነው ሰው ነበር። ከኋላው ሰሐር የምትባል የስምንተኛ ክፍል ልጁ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«ከዒድ ወዲህ ቤት ውስጥ አንድ ቃል አማርኛ ከአፏ አልወጣም» አለ። «እናቷ ሀሲና ታማ ተኝታ ስታናግራት በአረብኛ ትመልስላታለች። ሀሲና ደግሞ አረብኛ የላትም። እዚህ ስለተወለደች ንቃናለች መሰለኝ። ምከሪልኝ።»

ረሺዳ ተገረመች። ሰሐርን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቃት በአስተርጓሚነቷ ነው። ሆስፒታል ቢኬድ፣ ከፊል ከሚባለው አሠሪ ጋር መነጋገር ቢያስፈልግ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የኢቃማ ጉዳይ ቢመጣ «ሰሐርን ጥሯት» ነው የሚባለው። እንዲህ ያለች ልጅ ቋንቋዋን በንቀት ትተዋለች ብላ አላመነችም።

በየሳምንቱ ታስጠራት ጀመር። አማርኛ አላስገደደቻትም፤ በአረብኛ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኞቿ አወሩ። ረሺዳ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራታለች፤ የሰው ሕይወት ካልተነካ በቀር እዚህ የተባለ ነገር ከዚህ አይወጣም።

አንድ ከሰዓት ሰሐር የቦርሳዋን ማንገቻ እያፍተለተለች ጠየቀች።

«አብላ፣ ‹ኢንተሸር› በአማርኛ ምንድን ነው የሚባለው?» ልጆቹ አስተማሪያቸውን እንደ አረቦቹ አብላ ነው የሚሏት።

«እንደ ነገሩ ነው። ወሬ ከሆነ ተሰራጨ እንላለን። በሽታ ከሆነ ተዛመተ።»

«ተዛመተ» አለች ሰሐር ቀስ ብላ። ከዚያ ፊቷን በመሐረቧ ሸፍና ታለቅስ ጀመር።

ነገሩ የሆነው ከረመዳን በፊት ነው። አባቷ ከሥራ መቅረት ስላልቻለ እናቷን ሆስፒታል የወሰደቻት እሷ ነበረች። ሐኪሙ ምርመራውን አይቶ ሆዷ ውስጥ ያለው ካንሰር እንደሆነ፣ እንደተዛመተም ነገራትና «አባትሽ ይምጣ» አላት። ሀሲና የልጇን አፍ አፍ እያየች ትጠብቃለች። ሰሐር ያንን ቃል በአማርኛ ፈለገችው፤ አጣችው። «የጨጓራ ቁስል ነው አለ፣ ኡሚ። መድኃኒት ሰጥቶሻል» አለች። እናቷም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወዲያ መመለስ ከበዳት። በየቀጠሮው ሐኪሙ «አባትሽስ?» ይላታል፣ እሷም «ሥራ ላይ ነው» ትላለች። ዒድ ሲደርስ፣ እናቷ ስትከሳ እያየች፣ በአማርኛ አፏን ከከፈተች እውነቱ የሚያመልጣት መሰላት።

ረሺዳ ያን ሳምንት ራሷን አላመነችም። የራሷን እናት መርዶ ወንድሞቿ አንድ ክረምት ሙሉ ደብቀዋታል፤ «በሰው አገር ብቻዋን ትደነግጣለች» ብለው። እስከ ዛሬ አልበረደላትም። እውነቱ ይነገር የምትለው ለሀሲና ብላ ነው ወይስ ለራሷ ቁስል? ብዙ አሰበችበት። የታመመችው ግን ሀሲና ናት፤ ሕይወቷም የራሷ ነው። ሰሐርን አስቀምጣ ይህ ከዚህ ክፍል መውጣት ያለበት ነገር እንደሆነ ነገረቻት። ልጅቷ አልተቃወመችም፤ የጠበቀችው ይመስል ነበር።

መጀመሪያ አብዱልመጂድ ሰማ። ከዚያ ረሺዳ ራሷ እያስተረጎመች ከሐኪሙ ጋር አገናኘችው። ያኔም ቢሆን የሚያድን ሕክምና አልነበረም አለ ሐኪሙ። አሁን ግን ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ ምንም የለም፤ አውሮፕላንም ልትሳፈር አትችልም። አብዱልመጂድ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «እኔ ደግሞ ንቃናለች አልኩ» አለ።

ለእናቷ የምነግራት እኔ ነኝ ያለችው ሰሐር ናት። ሀሲና ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፋ ነበር።

«ኡሚ፣ ሐኪሙ ቁስል ነው አላለም» አለች ሰሐር በአማርኛ። «ካንሰር ነው ያለው። ተዛምቷል።»

ሀሲና ባሏን አየች፤ ረሺዳን አየች።

«መቼ ነው ያለሽ?»

«ከረመዳን በፊት።»

«ከረመዳን በፊት በእግሬ እሄድ ነበር» አለች ሀሲና ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «አውሮፕላን እሳፈር ነበር። እናቴን አያት ነበር።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ረሺዳ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ልትል ብላ ተወችው። የሰሐርን እጅ ይዛ መሬት ላይ አብራት ተቀመጠች።

ሀሲና ልጇን ለቀናት አላናገረቻትም። ምግብ ስታቀርብላት ትቀበላታለች፣ ዓይኗን ግን አታነሣም። ረሺዳ ከሥራ በኋላ እየመጣች አጠገቧ ትቀመጣለች። ልጅሽን ይቅር በያት አላለቻትም። ስለ እናቷ ጠየቀቻት፤ ሀሲና ስለ ተወለደችበት የቃሉ ወረዳ ገበያ፣ ስለ እናቷ የማሽላ ማሳ አወራች፣ አለቀሰችም። አንድ ቀን «አገሬ ካልሆነልኝ መካ ውሰዱኝ» አለች።

መካ በመኪና ቅርብ ስለሆነች ለዑምራ ወሰዷት። አብዱልመጂድ ጋሪውን እየገፋ ካዕባን አዞራት፤ ረሺዳና ሰሐር በግራና በቀኝ ሆነው ከሰው ግፊያ ጠበቋት። ጠዋፉ ሲያልቅ ጥግ ላይ አረፉ። ሀሲና ልጇን በእጇ ጠራቻት።

«አፉ ብዬሻለሁ» አለቻት። «ሐዘኑ ግን አልወጣልኝም። እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው።»

ሰሐር ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ አደረገች። ሀሲና ብዙ ሰዓት መሐረቧን ስትዳብስላት ቆየች።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሀሲና ሞተች። ጅዳ ተቀበረች። ረሺዳ ወላጆችን ሰብስባ ልጆቻችሁን ለሆስፒታል አስተርጓሚ አታድርጓቸው፣ እኔን ጥሩኝ ብላ ለመነች። እሺ አሉ። አንዳንዶቹ እየጠሯት ነው፤ ሌሎቹ ዛሬም ልጃቸውን ከክፍል አስወጥተው ይዘው ይሄዳሉ።

ሰሐር ትምህርት ሲከፈት ተመለሰች። ወደዚያች ጠባብ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

«ያኔ ብነግራት ኖሮ እናቷን ታይ ነበር፣ አይደል?» አለች በአማርኛ።

ረሺዳ አይደለም ልትላት ልቧ ተመኘ።

«ታይ ነበር» አለቻት። «ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም። ይህን ለልጅ ያሸከምን እኛ ነን።»

«ብለሽኛል» አለች ሰሐር። «ግን አላመንኩሽም።»

«እሺ። እስክታምኚኝ እየመጣሽ ንገሪኝ።»

ሰሐር አሁንም በየሳምንቱ ትመጣለች። እስካሁን አላመነቻትም።