በጥቁሩ ምንጣፍ ላይ የተነጠፈው ሰሌን

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ነጭ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ወይ ሠራተኛ አለው፣ ወይ ልጅ የለውም። እኔ ልጆች አሉኝ፣ ሠራተኛ የለኝም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ የመንገዱ አቧራ ሁሉ ሳሎኔ ይገባል። ስለዚህ ቤታችንን ሠርተን ስንገባ ምንጣፋችን ጥቁር እንደሚሆን የወሰንኩት ገና ሱቅ ሳልሄድ ነው። ባለቤቴ በዚህ ሙቀት ጥቁር ምን ይሠራል ቢለኝ፣ ምንጣፍ ይረገጣል እንጂ አይለበስም ብዬ አፉን አስያዝኩት።

ከአጣዬ መጥቶ እኛ ከተማ ሱቅ የከፈተው ነጋዴ ያልዘረጋልኝ የለም፤ አበባ ያለው፣ ቀይ የበዛበት፣ ዳር ዳሩን ወርቃማ የሆነው። እኔ ግን ሳምንታት ሙሉ ስልኬ ላይ የሰው ሳሎን ሳይ ከርሜ ስለነበር አበባ አስጠልቶኛል። ከሰል የመሰለ፣ ጌጥም ጠርዝም የሌለው አንዱን መረጥኩ። ክሬም ሶፋዬ ሥር አነጠፍኩት፤ የበሰለ ማንጎ የሚመስሉ ትራሶች ሶፋው ላይ ደረደርኩ። ከግድግዳው ሥር ስንዝር የምታክል ሴራሚክ ብቻ ቀረች። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት፤ አማረልኝ።

በልቤ ያነጠፍኩት ለእናቴ ነው። ቀወት ገጠር ብቻዋን ከምትኖር እኔ ዘንድ ትክረም ብለን ከወንድሞቼ ጋር ተማክረን ነበር፤ እሷ ግን ሰው ቤት መኖር አይሆንላትም። የማሽላው አጨዳ እንዳለቀ በእንግድነት መጣች። ቤቴን ከወደደችው ትቀራለች ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

ኮንጎ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች፣ "ማሻአላህ" አለች፣ ከዚያ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች በሶፋው ጀርባ ዞራ ሄደች። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር ሲደርስ ታጥባ ውዱእ አደረገች፤ ከአገር ቤት ያመጣችውን ሰሌን ተሸክማ፣ እንደገና በግድግዳው ጥግ ዞራ፣ ቆርቆሮው የሚያቃጥለው በረንዳ ላይ ወጥታ ሰገደች። የከሰዓቱን የአስር ሶላትም እንደዚያው። በማግሥቱም እንደዚያው።

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው አንድ ቦታ ላይ አልሰግድም ካለ ምን ማለቱ እንደሆነ ይታወቃል። ሰሌን ነጣ ያለ ነው፤ ጠብታ ቢያርፍበት ይናገራል። ጥቁር ይደብቃል። እኔስ የገዛሁት እንዲደብቅልኝ አይደል? ትንሹ ልጄ አንድ ቀን ሸንቶበት፣ ሥራ ረፍዶብኝ በጨርቅ ብቻ አድርቄ ትቼዋለሁ። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እናቴ ግን ያወቀችብኝ መሰለኝ። ቤትሽ ነጃሳ ነው፣ ርኩስ ነው፣ አይሰገድበትም እያለችኝ ነው አልኩ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። እኔ ሳፍር ቶሎ ነው የምናደደው።

ዕረፍት ቀኔን ጠብቄ ምንጣፉን ግቢ አውጥቼ በሳሙና ፈተግኩት፣ ደጋግሜ አለቀለቅኩት፣ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። የቆላ ፀሐይ ለዚህ አትታማም፤ ደረቀ። እሷ እያየች መልሼ አነጠፍኩት። ባለቤቴ ባለበት፣ ልጆቼ ባሉበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳት።

"እማ፣ ይኸው ታጥቧል፤ ነጃሳ የለበትም። ከእንግዲህ ቤት እንደሌለው ሰው በረንዳ ላይ መስገድሽን ተይልኝ።"

እሺ አለች። የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አደረገች፣ "ቢስሚላህ" ብላ እግሯን ዘረጋች። የሞላ ወንዝ የሚሻገር ሰው በአውራ ጣቱ እንደሚሞክረው ሞከረች። እግሯን መለሰችና እዚያው ሴራሚኩ ላይ ቁጭ አለች። አሁን ደግሞ ምን ሆነሽ ብዬ ተቆጣሁ። ባለቤቴና ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቀችና በሹክሹክታ ነገረችኝ።

"ልጄ፣ ታቹ አይታየኝም። ጉድጓድ ነው የሚመስለኝ።"

የመጣች ዕለት ወለሉ ያላለቀ መስሏት ነበር። ገንዘብ አጥሯቸው ነው ብላ፣ እንዳላፍር ዝም አለችኝ። ልጆቹ ሲሮጡበት ስታይ ምንጣፍ መሆኑን አወቀች፤ እግሯ ግን እምቢ አላት። ዓይኗን ጭጋግ ከጋረደው ቆይቷል። ብትናገር ወንድሞቼ በሬዎቿን ሽጠው፣ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ዳግመኛ አገሯን እንዳታይ የሚያደርጓት መሰላት። እንዳትነግሪያቸው ብላ እጄን ያዘች።

እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የዓይን ጠብታ እሸጣለሁ። ደንበኛ የመድኃኒቱን ጽሑፍ ራቅ አድርጎ ካየ፣ ዓይንዎን ይታዩ እላለሁ። እናቴ ግድግዳ ስትዳብስ ግን ያየሁት ምንጣፌን ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሷ እኔን ታባብላለች።

ምንጣፉን ልጠቅልለው አልኩ፤ በእኔ ምክንያት ቤትሽ እንዳይራቆት ብላ ከለከለች። ሰሌኗን ተቀብዬ ከበሩ አንስቼ ፊት ዞሮ ወደሚሰገድበት፣ ወደ ቂብላው አቅጣጫ በጥቁሩ ላይ አነጠፍኩት፤ አልደርስ ሲል ከገበያ ሌላ ገዝቼ ቀጠልኩበት። በእሱ ላይ ቀጥ ብላ ሄደች። ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ፤ የዓይኗ ሞራ ይገፈፋል ተብለን ተራ እየጠበቅን ነው። ለወንድሞቼ እስካሁን አልነገርኩም፤ ሲደውሉ ደህና ናት እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ ልትጠይቀን መጣች። በሩ ላይ ቆማ ነጩን በጥቁሩ ላይ አየችና ተደነቀች። እኔስ እንዲህ አድርጎ ማንጠፍ መቼ ታየኝ አለች፤ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። የት አይተሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ሰሌኗ ላይ ተቀምጣ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች።

"ራሷ ናት ያሰበችው" አለች። "ልጄ ከድሮም ነገር ታያለች።"

ለባልደረባዬ አመሰግናለሁ አልኳት።