አረቄ የሚጠጣው ጫማ

አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ስንት አረቄ ይፈጃል? ብዙ አንብቤያለሁ፤ ለዚህ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ መጠየቅ አይቻልም።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ጫማ ሰፊ ነው። እኔ ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ፣ አባቴ “ብርዱ ከትምህርት እንዳያስቀራት” ብሎ ቦት ጫማ ሠራልኝ። ውጪው የበሬ ቆዳ፣ ሶሉ የመኪና ጎማ፣ ውስጡ ከነጸጉሩ የበግ ቆዳ። ሙቀቱን አላማም። ሲራመዱበት ግን በጎቹን ይዞ እንደ መሄድ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዝናቡ ጋር ነው። ጸጉሩ ሻገተ።

“ሻጋታ የሚፈራው አረቄን ብቻ ነው” አለ አባቴ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ከፋሲካ ወዲህ የንስሐ አባቱ አረቄ እንዳይቀምስ ገዝተውታል፤ መለኪያዎቹንም እሷው ለቃቅማ ለጎረቤት ሰጥታለች።

“ለቆዳው ነው?”

“ታዲያ ለማን ሊሆን ነው?”

“እኔማ ምን አልኩ። ቆዳው ግዝት የለበትም።”

ከዚያ ወዲህ ከደብረ ኤልያስ በአውቶቡስ የአረቄ ጠርሙስ ይመጣ ጀመር። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ጫማዬን ይዞ ወደ ጓሮ ይዞራል። በጨርቅ አሽቶ፣ አክሞ ሲመጣ፣ የጫማውም የእሱም ፊት ወዝቷል። ፀሐይ በወጣበት ሰሞን እንኳ፣ “ሻጋታው ገና አልለቀቀም” ይላል። እናቴ ሌማቱን እያነሣች፣ “ይኼ ጫማሽ ዘንድሮ ሕመሙ ጠናበት” ትለኛለች።

ክፍል ውስጥ እግሬ ሲሞቅ ሽታው ይነሣል። ከኋላዬ የሚቀመጡት ልጆች፣ “እታለም፣ ዛሬስ በባዶ ሆድ ነው?” ይሉኛል። ምን ልበል? እውነቱን ባወጣው ወሬው ሳይውል ሳያድር ከንስሐ አባቱ ዘንድ ይደርሳል፤ አባቴም በስተርጅና ግዝት የጣሰ ተብሎ ይቀራል። ዝም ካልኩ ሰካራሟ እኔ ነኝ። ጠላ እንኳ ራሴን የሚያዞረኝ ሴት ነኝ። ዝም አልኩ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የክፍላችን ኃላፊ መምህር ቢሮው ጠራኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ጨዋ ሰው። እንደ ገባሁ መስኮቱን ከፈተ።

“እህቴ፣ ችግር በሰው ላይ ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ግን ለፈተና ላስቀምጥሽ አልችልም።”

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ፈተና ነው። ቁጭ አልኩና አንዱን ጫማ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

“መምህር፣ የሚጠጣው እሱ ነው” አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሻጋታውን፣ ጠርሙሱን፣ ግዝቱን። “አደራዎን፣ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።”

ጫማውን አንሥቶ አሸተተ። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ቶሎም አላወጣውም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

“ይሞቃል” አለ።

“ይሞቃል።”

“በይ፣ ትፈተኛለሽ።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አባትሽ ለእኔም ይሠሩልኝ ይሆን?”

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ትእዛዙን ስነግረው አባቴ በጣም ደስ አለው።

“ለመምህር ከሆነማ ደጋግሞ መታሸት አለበት” አለ።

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ “እንግዲያው የደብረ ኤልያሶቹን፣ ጠርሙሱ ሁለት ይሁን በላቸው” አለችው።