ቅቤ የተቀባው አበባ

ሳሎን ያለውን አበባዬን፣ ሰፋፊ ቅጠሎቹን እየወለወልኩ ሳለ የጎረቤት ቅቤ ሲነጠር ሸተተኝ፤ ሐሳቤ ልጅነቴን ያሳለፍኩባት ከተማ፣ መካነ ሰላም ገባ።

እናቴ አረብ አገር ስትሄድ፣ በወተት ጣሳ የተከለችውን ይህንኑ አበባ ለአክስቴ አደራ ሰጠቻት። ብርዱ ሲብስ አክስቴ እንደ ሕፃን አናት ቅጠሉን ሁሉ ቅቤ ቀባችው። ብዙም ሳይቆይ ረገፈ። እናቴ መደወል ካቆመች ሰንብታ ስለነበር ጣሳውን አቅፌ አለቀስኩ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ሥሩ ደህና ነው» አለችኝ አክስቴ። ድምጿ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለአበባ እንዲህ መሆኗ ገረመኝ።

አንድ ጠዋት ከደረቀው ግንድ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። አክስቴ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች፤ ሳቀችም፣ አለቀሰችም። በዚያው ሰሞን እናቴ ደወለች።

አሁን እናቴ ከጓዳ ትጮህብኛለች፦ «አንቺ! ቅቤ እንዳታስነኪው!»