ለከዋክብት የተቆረቆሩት አዛውንት

ስለ ከዋክብት የምታስረዳው መምህርት ንግግሯን ልትጀምር ስትል፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጡ የማታውቃቸው አዛውንት ቀልቧን ሳቡት። ከረባታቸውን ያሰሩት በሹራባቸው ላይ ነው። በግራና በቀኛቸው ባሉት ወንበሮች ላይ ኮፍያቸውን፣ ሻርፓቸውንና ጃንጥላቸውን፣ ዕቃ ሲያልቅባቸው ደግሞ አንድ እግር ጫማቸውን አኑረዋል። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ «ተይዟል፤ ልጆቼ ይመጣሉ» ይላሉ። ማንም አልመጣም።

«በጋላክሲው መሀል አካባቢ አብረው የተወለዱ ወጣት ከዋክብት አብረው ብዙ አይቆዩም» አለች መምህርቷ። «የመሀሉ ስበት እየጎተተ ይበትናቸዋል።»

አዛውንቱ እጃቸውን አወጡ። «ጥፋቱ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም አባባ። የስበት ጉዳይ ነው።»

«ተመስገን!» ብለው ብድግ አሉ። «ልጆቹን በቁጣህ በተንካቸው እያለች ሚስቴ ስትጨቀጭቀኝ ኖረች። በይ ልጄ፣ ይሄንኑ ንገሪልኝ!» ለሚስታቸው ደወሉና ስልኩን ማይክሮፎኑ ሥር ደቀኑት።

መምህርቷ ግራ ቢገባትም አዳራሹ ጆሮውን አቁሞ ስለሚጠብቃት የስበቱን ነገር አንድ በአንድ አስረዳች። ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው አስተጋባ።

«እሺ፣ ልጆቹስ በስበት ሄዱ እንበል። እሱ ራሱ ባለፈው ክረምት አኩርፎ የወጣው ምን ስቦት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዛውንቱ ግን ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ወደ መምህርቷ ጠጋ ብለው፣ ማንም የማይሰማቸው መስሏቸው ማይክሮፎኑ ላይ አንሾካሾኩ።

«ዛሬ ይመጣል በያት።»