ለነገ ያሏት ግማሽ ክኒን

ቡራዩ፣ ፋርማሲው በር ላይ የመድኃኒት ሽታ ሲቀበለኝ ልጅነቴ ሰበታ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ጡረታዬን ተቀብዬ መምጣቴ ነው፤ ለወሩ የግፊት ክኒንና ለእድር አንድ ላይ አይበቃም።

አያቴም ጡረተኛ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የግፊት ክኒናቸውን ሳህን ላይ በምላጭ ለሁለት ይከፍላሉ። የቀረችውን ነጭ ዱቄት ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ይልሷታል። እኔ ውሃ ይዤ እቆማለሁ።

«አባባ፣ ሐኪሙ ሙሉውን ዋጡ አላለዎትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ብሏል። መድኃኒት ባጎድል የምጎዳው እኔ ነኝ። የእድር ካጎደልኩ ግን ስሞት ደጃችን ድንኳን አይተከልም፤ የምትዋረዱት እናንተ ናችሁ።»

ዓመት አልቆዩም። የእድሩ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ለቀስተኛውም ሞልቶ ነበር። ለነገ ያሏት ግማሽ ክኒን ግን በወረቀት እንደተጠቀለለች ትራሳቸው ስር ተገኘች። ከሐዘኑ ይልቅ በሳቸው ተናድጄ ማልቀሴ ትዝ ይለኛል።

«እማማ፣ የወሩን ልስጥዎት?» አለችኝ ፋርማሲስቷ።

«የግማሽ ወር ይበቃኛል፣ ልጄ።»

የእድሩን ብር መቀነቴ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ። ከዚያ ጎን ያለው ሱቅ ገባሁና ምላጭ ገዛሁ።