የተባረከው ናሙና

የዚያን ዓመት የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፋር ወርዶ ለመብራት የእንፋሎት ጉድጓድ ከሚቆፍረው ቡድን ጋር መሄድ። ቦታው አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ነበር። አለቃዬ ግን መጀመሪያ ወደ አገሬ ወደ ላስታ ላኩኝ። ከገነተ ማርያም ወዲያ፣ ከገደል ሥር ለብ ያለ ጠበል ይፈልቃል፤ ናሙናውን ቀድቼ እንድመጣ ነበር ትእዛዙ። በሆዴ አኮረፍኩ። ደጋችን የቆመው ድሮ ፈስሶ በቀዘቀዘ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ የዛሬው እሳት ያለው በስተምሥራቅ፣ ቁልቁል አፋር ነው። ላስታ ላይ ምን ሙቀት ይገኛል?

በጠበሉ የሚያጠምቁት ቄስ ጫማዬን አስወልቀው አስገቡኝ። ቴርሞሜትሬን ስነክር «ታሟል እንዴ?» ብለው አሾፉብኝ። አራት ጠርሙስ ሞልቼ እሳቸው ቤት አስቀመጥኩና ውሃው የሚወጣበትን የድንጋይ ስንጥቅ ተከትዬ ሽቅብ ወጣሁ። ሥራችን እንዲህ ነው፤ ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ድንጋዩንና ውሃውን መጠየቅ። ውሃ መሬት ውስጥ የነካውን ማዕድን አሟሙቶ ስለሚወጣ፣ ታች ያለውን ሙቀት ይናገራል፤ ታች በሞቀ መጠን እንደ ፖታሲየምና ሲሊካ ያሉት ይበዙበታል። ስመለስ ቄሱ ጠርሙሶቹን በነጠላ ጠቅልለው አስረከቡኝ።

ከሳምንታት በኋላ አለቃዬ ደወሉ። የውሃው ፖታሲየም ለጉድ ነው፣ በስሌቱ መሠረት ታች የሚንተከተክ ሙቀት አለ፣ «አፋሩ ያንቺ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ጮቤ ረገጥኩ። ሲሊካው ግን ከፖታሲየሙ ጋር አልተስማማም፤ እሱ ውሃው ለብ ያለ ብቻ ነው ይላል። ደስ ያለው ሰው መች ይመረምራል፤ ተውኩት።

ስኳር ይዤ ቄሱን ላመሰግን ወደ ላስታ ተመለስኩ። ሙቀት ተገኘ ስላቸው ምንም አልደነቃቸውም።

«እምነቱ ነዋ» አሉ።

«የምን እምነት፣ አባ?»

«ጠበል ሩቅ አገር ሲሄድ ባዶውን አይሰደድም። ዕጣን ከምናጥንበት ከጽናው አመድ በየጠርሙሱ ቆንጠር ቆንጠር አደረግሁበት። ለሥራሽ በረከት ይሁንሽ ብዬ ነው።»

የከሰል አመድ ፖታሲየሙ አይጣል ነው፤ ያስፈነጠዘን ቁጥር የአመዱ ነበር። ለአፍታ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? አፋር ከወረድኩ በኋላ ስለ ላስታ ማን ይጠይቀኛል? እግሬ ግን ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወሰደኝ፤ ደውዬ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አለቃዬ «እንደገና ቅጂ» ብለው ዘጉት። አፋር ቀረች አልኩ።

በማግስቱ ስቀዳ ቄሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ነበር። ለመጠመቅ የመጣውን ሁሉ «ጠርሙሱን እንዳትነኩ፣ ያልተባረከ ነው» እያሉ ያባርሩልኛል። ተናድጄም ሳቄ አመለጠኝ።

ውጤቱን ላሊበላ ሆኜ ጠበቅሁ። ሲሊካው እውነቱን ነበር። ጋራው ላይ የዘነበ ዝናብ በስንጥቁ ወርዶ፣ ጥቂት ሞቆ የተመለሰ ውሃ ነው፤ ለመብራት አይሆንም። አለቃዬ ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ «ሻንጣሽ ዝግጁ ነው?» አሉ።

«ለምኑ?»

«ለአፋር ነዋ። የገዛ አገሩን ቁጥር የሚያፈርስ ሰው ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

ቄሱን ልሰናበት ወረድኩ። ከጠበሉ መብራት እንደማይወጣ ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። «በእኔ ጦስ አንችም ሳይሳካልሽ ቀረ» አሉ።

«አፋር ልሄድ ነው፣ አባ።»

«እዚያ እሳት ውስጥ?»

«አዎ።» እንባዬ እየወረደ እስቅ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቄሱ ትክ ብለው አዩኝና መስቀላቸውን አወጡ። «እቶን ከገቡት ከሠለስቱ ደቂቅ ወዲህ እየሳቀ ወደ እሳት የሚወርድ ሰው አንችን አየሁ» ብለው አሳለሙኝ።